ደንቡ ተገኘ፣ ውሳኔውስ? የአንድ ከተማ ምክር ቤት የሕግ ድረ ገጽ ግምገማ

የምገመግመው ዕቃ ወይም ሱቅ ሳይሆን የመንግሥት አገልግሎት ነው። በአሜሪካ የምኖርባት መለስተኛ ከተማ ምክር ቤት ያወጣቸውን ደንቦችና ያሳለፋቸውን ውሳኔዎች ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያነብ ያዘጋጀውን ድረ ገጽ ላለፉት አራት ወራት ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። የከተማዋን ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ እንጂ ስልኬን ባነሡ ቁጥር በትሕትና ባስተናገዱኝ ሠራተኞች ላይ አይደለም።

ወደ ድረ ገጹ የወሰደኝ ጉዳይ ትንሽ ነው። በሰፈራችን ያለው የማኅበረሰብ አዳራሽ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን አዳራሹን ለልጆቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት ልንከራየው ስናስብ፣ ሰዓቱ እንዲራዘምልን ማመልከት እንዳለብን ተረዳን። የአዳራሹ ኃላፊ ሰዓቱንም ሆነ የኪራዩን ተመን የሚወስነው ምክር ቤቱ መሆኑን ነገሩን፤ በየትኛው ሰነድ እንደተወሰነ ስንጠይቃቸው ግን እሳቸውም አያውቁትም። የሚሻሻለው ሰነድ ካልታወቀ ደግሞ ይሻሻልልን ብሎ ማመልከት አይቻልምና ፍለጋው የእኔ የቤት ሥራ ሆነ።

ድረ ገጹን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያያቸው ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ በአንዱ ላይ «ኦርዲናንስ»፣ በሌላው ላይ «ሪዞሉሽን» ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም፤ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «ደንብ»፣ ሁለተኛውን «ውሳኔ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሪዞሉሽን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በስብሰባ ማብቂያ ላይ የሚነበበው የአቋም መግለጫ ነው፤ ይህ ትርጉም ጨርሶ ስሕተት ባይሆንም ከነገሩ ግማሹን ብቻ ይይዛል።

ካነበብኳቸው ሁሉ ልዩነቱን በአጭሩ አስቀምጦ ያገኘሁት የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ነው። የዚያ ግዛት ሕግ ቁጥር 166.041 ደንብን የአስተዳደሩ ምክር ቤት የሚፈጽመው ሕግ የማውጣት ተግባር፣ ጠቅላላና ዘላቂ ባሕርይ ያለው፣ እንደ አካባቢ ሕግም ተፈጻሚ የሚሆን ሥርዓት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ውሳኔን ደግሞ ምክር ቤቱ ስለ አስተዳደር ጉዳይ ሐሳቡን የሚገልጽበት፣ ጊዜያዊ ይዘት ያለው ወይም አንድን የተወሰነ አስተዳደራዊ ሥራ ለመጨረስ የሚያገለግል ሰነድ ይለዋል። ይህን ወደ አዳራሻችን ብንመልሰው፣ «በከተማው አዳራሾች ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ የተላለፈ ይቀጣል» የሚለው በደንብ ይወጣል፤ «የዚህ አዳራሽ የበጋ ሰዓት ይህ ነው፤ የጽዳቱን ሥራ ለእገሌ ድርጅት ሰጥተናል» የሚለው በውሳኔ ያልፋል። ቅጣት የሚያስከትለውና ሁሉንም ሰው የሚያስገድደው ደንቡ ሲሆን፣ አዳራሹ ዛሬ ይከፈት አይከፈት የሚለው ግን ውሳኔው ውስጥ ነው።

ከድረ ገጹ ሁለት ክፍሎች ምስጋና የሚገባው የደንቦቹ ክፍል ነው። ምክር ቤቱ በየጊዜው የሚያወጣቸው ደንቦች ተበታትነው አይቀሩም፤ በርዕስ፣ በምዕራፍና በአንቀጽ ተደራጅተው በአንድ የተጠናቀረ የከተማ ሕግ ውስጥ ይገባሉ። የማጠናቀሩን ሥራ የሚሠራው ከከተማው ጋር የተዋዋለ የግል አሳታሚ ነው። መናፈሻዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ፣ የእንስሳት ቁጥጥር፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠሩ የሕፃናት ማቆያዎች፣ ሁሉም የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። የመፈለጊያ ሣጥኑ ፈጣን ነው፤ ቃሉን በትክክል ባልጽፈው እንኳ የቀረበውን አውጥቶ ያሳየኛል። አንቀጾቹ በስልክ ላይ ያለ ችግር ይነበባሉ፤ እያንዳንዱ አንቀጽም የራሱ ሊንክ ስላለው ለሌሎቹ ወላጆች ስልክ ለስልክ እየላክሁ አብረን ማንበብ ችለናል።

ከሁሉ የወደድኩት በየአንቀጹ ማብቂያ በቅንፍ ውስጥ በትንንሽ ፊደል የሚቀመጠውን ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ቆይቼ እንደተረዳሁት ግን ማስታወሻው የአንቀጹ የትውልድ ሐረግ ነው፤ በየትኛው ቁጥር ደንብ እንደ ወጣ፣ መቼ እንደ ጸደቀ፣ ከዚያም በየትኞቹ ደንቦች እንደ ተሻሻለ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። አንዱን ቁጥር ስንነካው ዋናው የተፈረመበት ደንብ ይከፈታል፤ በዚያ ውስጥ የተሰረዘው ቃል ተሰርዞበት፣ የተጨመረው ደግሞ ተሰምሮበት ይታያል። የአዳራሾቹ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ መሻሻሉን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። በሁለተኛው ማሻሻያ ላይ «የመናፈሻ ዳይሬክተሩ» የሚለው ተሰርዞ «የከተማው ሥራ አስኪያጅ ወይም እርሱ የሚወክለው ሰው» የሚል ተተክቷል፤ ይህች አንዲት ስረዛ ማመልከቻችንን ለማን መጻፍ እንዳለብን ከአንድ ወር የስልክ ጥሪ በተሻለ ነገረችን። ሕግ ሲለወጥ እንዲህ በዓይን ማየት የሚያስችል አገልግሎት ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

እዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በተጠናቀረው ሕግ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽሑፉ እስከ የትኛው ቀን ድረስ የወጡትን ደንቦች እንደሚያካትት የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የጸደቁት ደግሞ ገና ያልተጠናቀሩ ተብለው በሌላ ዝርዝር ይቀመጣሉ። ያንን ዝርዝር ሳያይ አንቀጹን ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው የተሻረ ሕግ ይዞ ሊከራከር ይችላል። ዝርዝሩን ለማግኘት እኔ ራሴ በገጹ ግርጌ ድረስ መውረድ ነበረብኝ፤ ይህን የሚያህል ነገር ግርጌ ላይ መቀመጡ አልገባኝም።

እንግዲህ የአዳራሾቹን ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ማን ሊከራይ እንደሚችል፣ ምን እንደሚከለከል፣ ጉዳት ያደረሰ እንዴት እንደሚጠየቅ በዝርዝር ተጽፏል። ስለ ሰዓትና ስለ ተመን ግን ያገኘሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ ምክር ቤቱ በየጊዜው በውሳኔ በሚወስነው መሠረት ይሆናል ይላል። የውሳኔው ቁጥር አልተጠቀሰም፤ ዓመተ ምሕረቱም የለም፤ ሊንክም የለም። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ስመለከት ይህች «በየጊዜው በውሳኔ» የምትለው ሐረግ በቤተ መጻሕፍቱም፣ በመዋኛ ገንዳውም፣ በቆሻሻ አሰባሰቡም ምዕራፍ ተመላልሳ ትገኛለች። ነዋሪው በየቀኑ የሚነካው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ ውሉ፣ የሠራተኛው ቁጥር፣ ከደንቡ ወጥቶ ወደ ውሳኔው ክፍል ተሻግሯል።

ወደ ውሳኔዎቹ ክፍል ስገባ ሌላ ድረ ገጽ የከፈትሁ መሰለኝ። እዚህ ማጠናቀር የሚባል ነገር የለም። ውሳኔዎቹ በዓመት በዓመት ተከፍለው፣ በዓመቱ ውስጥም በተራ ቁጥር ተደርድረው የተቀመጡ የፒዲኤፍ ፋይሎች ናቸው። ርዕስ የተጻፈላቸው የቅርብ ዓመታቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ቁጥራቸው ብቻ ይታያል። የመፈለጊያው ሣጥን እዚህም አለ፤ ግን «አዳራሽ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው የሚያመጣው ርዕሱ ላይ ያ ቃል ያለበትን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የቆዩት ፋይሎች ከወረቀት የተነሡ ሥዕሎች ስለሆኑ ኮምፒዩተሩ በውስጣቸው ያለውን ጽሑፍ አያነብም። ስለዚህ አንድ በአንድ ከመክፈት ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። በሦስት ምሽት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ፋይሎች ከፈትሁ።

በሦስተኛው ምሽት ያገኘሁትን ሰነድ እንዳየሁት ልግለጸው። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ወደ ግራ የተንጋደደ ሲሆን በላይኛው ጥግ የወረቀት መያዣው ሽቦ ጥላ ይታያል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ የተያዘው «ስለሆነ»፣ «ስለተገኘ»፣ «አስፈላጊ ስለሆነ» እያሉ በሚደረደሩ የመግቢያ ሐረጎች ነው፤ አዳራሹ ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ስለሆነ፣ የሠራተኛ ወጪው ስለጨመረ፣ የመናፈሻ ኮሚሽኑ ጉዳዩን መርምሮ ስለደገፈ። ከዚያ «ስለዚህ ምክር ቤቱ የሚከተለውን ወስኗል» ይልና በአንድ መስመር ያበቃል፦ የማኅበረሰብ አዳራሾች ሰዓትና ተመን በአባሪ «ሀ» እንደተመለከተው ይሆናል። ሁለተኛው ገጽ የከንቲባው ፊርማ፣ የከተማው ጸሐፊ ማረጋገጫና የድምፅ አሰጣጡ ነው። አባሪ «ሀ» ግን የለም። ፋይሉን ሁለት ጊዜ እንደገና አወረድሁት፤ ያው ሁለት ገጽ ነው።

ስለዚህ የአገልግሎቱ ዋና ድክመት ይህ ነው፦ እምብዛም የማይለወጠውን ሕግ አሳምሮ አስቀምጦ፣ የነዋሪውን የዕለት አገልግሎት የሚወስነውን ሰነድ ግን ጣል አድርጎታል። ሁኔታውን ለማመዛዘን ግን ምክር ቤቶች ይህን ሁሉ ነገር ለምን በውሳኔ ማድረግ እንደሚመርጡ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምርጫው ከስንፍና የመጣ አይደለም።

ደንብ ማውጣት ሆን ተብሎ እንዲከብድ የተደረገ ሥራ ነው። በፍሎሪዳ የደንብ ረቂቅ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት በርዕሱ ወይም በሙሉ መነበብ አለበት፤ ከመጽደቁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞም ማስታወቂያ ይወጣለታል። በካሊፎርኒያ በግዛቱ ጠቅላላ ሕግ የሚተዳደሩ ከተሞች አንድን ደንብ ካስተዋወቁት በ5 ቀን ውስጥ ሊያጸድቁት አይችሉም፤ ከጸደቀም በኋላ ሥራ ላይ የሚውለው በመደበኛው አሠራር ከ30 ቀን በኋላ ነው። እነዚያ 30 ቀናት ባዶ የመጠበቂያ ጊዜ አይደሉም፤ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ደንቡን ወደ ሕዝበ ውሳኔ ለመውሰድ ዕድል የሚያገኙባቸው ናቸው። ለሕዝብ ሰላም፣ ጤናና ደኅንነት ሲባል በአስቸኳይ የሚወጣ ደንብ ወዲያው ሊጸና ቢችልም የምክር ቤቱን አባላት አራት አምስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ውሳኔ ግን በአብዛኛው በአንድ ስብሰባ ቀርቦ በዚያው ይጸድቃል፤ ወዲያውኑም ይሠራል። የመዋኛ ገንዳ ሰዓት በሙቀት ምክንያት በሁለት ሰዓት እንዲራዘም ሲፈለግ ሁለት ንባብና 30 ቀን መጠበቅ ማለት ክረምቱ ሲገባ ገንዳውን መክፈት ማለት ነው። ስለዚህ ዘላቂውን ሥልጣን በደንብ መሥርቶ ተለዋዋጩን በውሳኔ መምራት ትክክለኛ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን አለመቀላቀልም የራሱ ጥቅም አለው። በደንብ የተመሠረተን ነገር በውሳኔ መሻር አይቻልም፤ ለመሻር ቢያንስ በዚያው ደረጃ ያለ ሰነድ ያስፈልጋል። የቤተ መጻሕፍታችን ቦርድ የተቋቋመው በደንብ በመሆኑ አባላቱ ስንት እንደሆኑ፣ በማን እንደሚሾሙ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ ተጠናቅሮ ተጽፏል፤ አንድ ምክር ቤት ተቆጥቶ በአንድ ምሽት ሊበትነው አይችልም። በአንጻሩ ስለ አረጋውያን መጓጓዣ ያጠና የነበረው ግብረ ኃይል የተቋቋመው በውሳኔ ነበር፤ ጊዜው ሲያበቃ አብሮት አበቃ፤ ዛሬ በድረ ገጹ ላይ መኖሩን የሚያመለክተው ያ ቁጥር ብቻ ያለው ፋይል ነው። አንድ አገልግሎት እንዲዘልቅ የሚፈልግ የነዋሪዎች ማኅበር «ይፈቀድልን» ብቻ ሳይሆን «በምን ሰነድ ይፈቀድልን» የሚለውንም ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ ልዩነት የወረቀት ጨዋታ ብቻ ለሚመስለው ሰው ከዚህ ርቆ ከፊሊፒንስ አንድ ምሳሌ ላንሣ። የፓራኛኬ ከተማ አስተዳደር ለድሆች የሚሆን የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ለመሥራት የአንድ ኩባንያን መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስድ ፈለገ፤ ለዚህም ምክር ቤቱ ውሳኔ አሳለፈ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የሰጠው ብይን የከተማውን ክስ ውድቅ አድርጎታል፤ የአገሪቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የሚጠይቀው ደንብ ነው፤ ደንብ ሕግ ሲሆን ውሳኔ ግን የምክር ቤቱ ስሜት ወይም አስተያየት መግለጫ ነው በማለት። ዓላማው መልካም ቢሆንም የተሳሳተ ሰነድ ይዞ መሄዱ ከመጀመሪያው እርምጃ አስቀረው። በሌላ በኩል ስም ብቻውን አይፈርድም፤ የኒው ዮርክ ከተማ የመሬት አጠቃቀም ሕግ እ.ኤ.አ. በ1916 ሲወጣም፣ በ1961 በአዲስ ሲተካም «ሪዞሉሽን» የሚለውን ስም እንደያዘ ነው፤ ይሁንና ሁሉንም ባለ ንብረት የሚያስገድድ ሕግ ነው። እንግዲህ የድረ ገጹ ሁለት ሣጥኖች ማብራሪያ ቢኖራቸው ኖሮ የምለው ለዚህ ነው።

የከተማ ምክር ቤት ሥልጣን ራሱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ በአሜሪካ መልሱ ከግዛቱ ነው። የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጆን ዲሎን እ.ኤ.አ. በ1868 በሰጡት ብይን ከተሞች ግዛቱ የሰጣቸው ሥልጣን ብቻ እንዳላቸው ደነገጉ፤ ሚዙሪ ደግሞ በ1875 ሕገ መንግሥቷ ትልልቅ ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር፣ ማለትም የከተማ መተዳደሪያ ሕግ፣ እንዲጽፉ በመፍቀድ ቀዳሚ ሆነች። በዚህ ምክንያት ከላይ የጠቀስኳቸው የቀናትና የንባብ ሕጎች ከግዛት ግዛት ይለያያሉ፤ አንባቢ የጎረቤት ከተማን አሠራር ወደ ራሱ ከተማ ቀድቶ ባይወስድ ይመረጣል።

ወደ ድረ ገጹ ስመለስ፣ የስብሰባዎቹ ቪዲዮ ክፍል ሌላ ነገር አሳየኝ። የአዳራሹ ሰዓት የተወሰነበትን ስብሰባ ቀን ከፊርማው ገጽ ስላገኘሁ የዚያን ቀን ቪዲዮ ከፈትሁ። እያንዳንዱ የአጀንዳ ነጥብ ከቪዲዮው ደቂቃ ጋር ተያይዟል፤ ነጥቡን ስንነካ ቪዲዮው እዚያው ላይ ይጀምራል፤ ይህ በጣም የታሰበበት ሥራ ነው። የሚገርመው ግን ያየሁት ነገር ነው። ውሳኔያችን የቀረበው አከራካሪ አይደሉም የተባሉ ጉዳዮች ሁሉ በአንድነት በሚጸድቁበት የስምምነት አጀንዳ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢው የነጥቦቹን ቁጥር ከዚህ እስከዚያ ብለው አነበቡ፤ ከአባላቱ አንዷ «አቀርባለሁ» አሉ፤ ሌላው «እደግፋለሁ»፤ ሁሉም እጅ አወጡ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የእኛ አዳራሽ ሰዓት፣ የአረጋውያን ማመላለሻ ውል፣ ለግዛቱ የሚቀርብ የመናፈሻ ድጋፍ ማመልከቻና ከጎረቤት ከተማ ጋር አምቡላንስ በጋራ ለመጠቀም የተደረገ ስምምነት አለፉ። ማንም አላጠፋም፤ ማንኛውም አባል አንዱን ነጥብ አውጥቶ ለብቻው እንዲወያዩበት መጠየቅ ይችል ነበር። ጠያቂ ግን አልነበረም፤ ነዋሪውም አያውቅም።

ነዋሪው እንዲያውቅ የተዘጋጀው የማሳወቂያ አገልግሎት ደግሞ የድረ ገጹ ሌላው ደካማ ጎን ነው። በኢሜይል ተመዝግቤያለሁ፤ አጀንዳው ሲለጠፍም መልእክት ይደርሰኛል። ችግሩ የሚደርሰኝ መልእክት «የምክር ቤቱ አጀንዳ ተለጥፏል» የሚል ብቻ መሆኑ ነው። «መናፈሻ»፣ «ቤተ መጻሕፍት» ወይም «አዳራሽ» የሚል ቃል ያለበት ነጥብ ሲመጣ ብቻ ንገሩኝ ማለት አይቻልም። የካሊፎርኒያው የክፍት ስብሰባዎች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውና በተለምዶ ብራውን አክት የሚባለው፣ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያስገድዳል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጥራዝ አንብቦ የሚጨርስ ሠራተኛ ወላጅ ግን የት ይገኛል? በዚያው ግዛት መራጮች በ1996 ያጸደቁት ፕሮፖዚሽን 218 የተሻለ መንገድ ያሳያል። የውኃ፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ክፍያ ሲጨመር ለባለ ንብረቶቹ በፖስታ ማሳወቂያ ተልኮላቸው ቢያንስ 45 ቀን ካለፈ በኋላ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ ይካሄዳል፤ ከሚመለከታቸው አብዛኞቹ በጽሑፍ ከተቃወሙም ጭማሪው አይጣልም። በፖስታ የመጣ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ ኢሜይሉ ግን ከመቶ ኢሜይሎች መካከል ይጠፋል።

ስለ አጠቃቀም ውሉም ትንሽ ልናገር፤ ብዙ ሰው የማያነበው ገጽ ነው። የተጠናቀረውን ሕግ የሚያስተናግደው የአሳታሚው ድረ ገጽ ግርጌ የቅጂ መብት ማስታወቂያ አለ፤ ከወላጆቹ አንዷ አንቀጾቹን አትመን በስብሰባ ላይ ብናድል እንከሰሳለን ወይ ብላ ሰግታ ነበር። የሕጉ ጽሑፍ ራሱ የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በተለያየ ጊዜ ወስነዋል። በቴክሳስ አና እና ሳቮይ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ሕጋቸው አድርገው የተቀበሉትን የሕንፃ ኮድ (የግንባታ ደንብ) አንድ ሰው በድረ ገጹ ላይ በመለጠፉ በተነሣው ክርክር፣ አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ለለጠፈው ሰው ፈርዷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2020 በጆርጂያ ግዛት ጉዳይ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በግዛቱ ሕግ አውጪ ሥልጣን ሥር የተዘጋጁት የሕጉ ማብራሪያዎች እንኳ የቅጂ መብት የላቸውም ብሏል። አንቀጾቹን አትመን አደልን። ድረ ገጹ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢገልጽ የሰውን ስጋት ያቀልል ነበር።

የጠፋውን አባሪ ያገኘሁት በመጨረሻ ከሰው ነው። የከተማው ጸሐፊ ቢሮ ስደውል ያነሡት ሴት የውሳኔውን ቁጥር ስነግራቸው ፋይሉን እዚያው ከፍተው ተመለከቱት፤ አባሪው አብሮ አለመነሣቱን አመኑ። የወረቀቱ መዝገብ ምድር ቤት ስላለ ወርደው እንደሚያዩልኝ ነገሩኝ፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ገጽ ሠንጠረዥ በኢሜይል ደረሰኝ። የቅዳሜ ሰዓት በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑም አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ሊከፈት የሚችለው ተከራዩ የሠራተኛውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሸፈነ ነው የሚል ማስታወሻ አለበት። ይህን ማስታወሻ የአዳራሹ ኃላፊም አያውቁትም ነበር። ጸሐፊዋ ምንም ክፍያ አልጠየቁኝም፤ መደበኛ የመረጃ መጠየቂያ ቅጽ ሙላ አላሉኝም። ለዚህ ቢሮ መስተንግዶ ብቻ ቢሆን ሙሉ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር።

ለድረ ገጹ የምሰጠው ግን ሦስት ነው። የደንቦቹ ክፍል አራት ተኩል፣ የቪዲዮው ክፍል አራት፣ የማሳወቂያው ሁለት፣ የውሳኔዎቹ ክፍል አንድ ይገባዋል። ቢጠይቁኝ የምለምነው ብዙ አይደለም፤ በየምዕራፉ «በውሳኔ» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ጎኑ ላይ አሁን በሥራ ላይ ያለው ውሳኔ ሊንክ ይቀመጥ፤ የአገልግሎት ተመኖች ሁሉ በአንድ ገጽ ይሰብሰቡ፤ የቆዩት ፋይሎችም ጽሑፋቸው እንዲነበብ ተደርገው ከነአባሪዎቻቸው እንደገና ይጫኑ። ጉዳይ ይዞ ወደ ድረ ገጹ የሚሄድ ሰው ከምዕራፉ ይጀምር፤ በቅንፍ ያለውን የትውልድ ሐረግ ይከተል፤ «በውሳኔ» የሚል ላይ ሲደርስ ግን ጊዜውን ሳያባክን ስልክ ይደውል።

ማመልከቻችን ለከተማው ሥራ አስኪያጅ ተጽፎ፣ የድሮውን ውሳኔ ቁጥርና የአባሪውን ሁለተኛ ገጽ ጠቅሶ ገባ። ከሰባት ሳምንት በኋላ የተሻሻለ ውሳኔ በዚያው የስምምነት አጀንዳ ውስጥ ቀርቦ በዚያው ፍጥነት አለፈ፤ አዳራሹ አሁን ቅዳሜ እስከ አመሻሽ ይከፈታል። አዲሱን ፋይል ትናንት በድረ ገጹ ላይ ከፈትሁት፤ አምስት ገጽ ነው፤ አባሪውም አለበት።